ሻጋታው እንጨቱን አልለቅም ያለ ጊዜ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ፤ ላሟ በኋላ ትመጣለች። መጀመሪያ የሚመጣው ሻጋታ ነው።

በደብረ ማርቆስ አቶ ድንበሩ የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ። ሳሎናቸው ውስጥ የመስታወት ገንዳ አላቸው፤ በገንዳው ውስጥ አንድ ቀይ ዓሣና አንድ ቀንድ አውጣ ይኖራሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሌላ መጫወቻ የላቸውም፤ ገንዳውን በጣም ይወዱታል። ታዲያ ለጌጥ ብለው ከወንዝ ዳር ያነሱትን እንጨት ሳይቀቅሉ ከተቱበት። በሳምንቱ እንጨቱ ነጭ ሻጋታ አበቀለ፤ የተባዘተ ጥጥ መሰለ።

ሐሙስ ጧት ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት አዩት።

«አንተ ሰውዬ! እሑድ የማኅበሩ ተራ የእኔ ነው። ሳሎኗ እንዲህ የሻገተ እንጀራዋስ እንዴት ይሆን እያሉ ይሙኝ? እስከ እሑድ ይኼ ሻጋታ ካልጠፋ ገንዳህ ከነዓሣህ ከቤቴ ይወጣል!»

አቶ ድንበሩ ደነገጡ። ጎንበስ ብለው «ሻጋታ፣ እባክህ እንጨቱን ልቀቅ» አሉ።

«አልለቅም፤ ተመችቶኛል» አለ ሻጋታው።

ወደ ቀንድ አውጣው ዞሩ። «ሻጋታውን ብላልኝ፤ ሻጋታው እንጨቱን አልለቅም አለ።»

«አልበላም። በዓሣው ትራፊ ጠግቤያለሁ፤ ደግሞ ተኝቻለሁ።»

ወደ ዓሣው ዞሩ። «ቀንድ አውጣውን ቀስቅስልኝ። ቀንድ አውጣው ሻጋታውን አልበላም አለ፤ ሻጋታው እንጨቱን አልለቅም አለ።»

«አልቀሰቅስም። እኔ ከጎረቤት ጋር መጣላት አልወድም» አለ ዓሣው። በዚያ ቤት እንዲህ የሚል እሱ ብቻ ነበር።

የቤታቸውን ድመት ጠሩ። «ዓሣውን አስደንግጪልኝ። ዓሣው ቀንድ አውጣውን አልቀሰቅስም አለ፤ ቀንድ አውጣው ሻጋታውን አልበላም አለ፤ ሻጋታው እንጨቱን አልለቅም አለ።»

«አላስደነግጥም። ሁዳዴ ከገባ ወተት በአፌ አልዞረም። ጿሚዎቹ እናንተ፣ የምራበው እኔ! በባዶ ሆዴ ማንንም አላስደነግጥም።»

እንግዲህ ላሟ መጣች። ላሟ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ወርቅያንሱ ናት። አቶ ድንበሩ ሄደው በጎረቤታቸው በር ላይ ቆሙ።

«እትዬ ወርቄ፣ ለድመቷ አንድ ኩባያ ወተት ይስጡኝ። ድመቷ ዓሣውን አላስደነግጥም አለች፤ ዓሣው ቀንድ አውጣውን አልቀሰቅስም አለ፤ ቀንድ አውጣው ሻጋታውን አልበላም አለ፤ ሻጋታው እንጨቱን አልለቅም አለ።»

«አልሰጥም። ወተቱስ ሞልቷል። ሚስትዎ ራሷ መጥታ ትጠይቀኝ! ዶሮሽ ጎመኔን ጫረች ብላ ከመስከረም ጀምሮ ሰላምታ ነፍጋኛለች» አሉ ወይዘሮ ወርቅያንሱ።

አቶ ድንበሩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። «የሺ፣ ወርቅያንሱን አንቺ ጠይቂልኝ። ወርቅያንሱ ወተቱን አልሰጥም አሉ፤ ድመቷ ዓሣውን አላስደነግጥም አለች፤ ዓሣው ቀንድ አውጣውን አልቀሰቅስም አለ፤ ቀንድ አውጣው ሻጋታውን አልበላም አለ፤ ሻጋታው እንጨቱን አልለቅም አለ።»

«እኔ? እሷን? ሞቼ እገኛለሁ!»

የቀሩት የሁለቱም ሴቶች የነፍስ አባት ነበሩ። መምሬ ጥበቡ በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሥር ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ ሻጋታ አስቸገረኝ።»

«ስለ ሻጋታ እኔ ምን አውቄ? ግብርና ቢሮ ሂድ።»

«ሻጋታው እንጨቱን አልለቅም አለ፤ ቀንድ አውጣው ሻጋታውን አልበላም አለ፤ ዓሣው ቀንድ አውጣውን አልቀሰቅስም አለ…»

መምሬ አዛጉ።

«…ድመቷ ዓሣውን አላስደነግጥም አለች፤ ወርቅያንሱ ወተቱን አልሰጥም አሉ፤ የሺመቤት ወርቅያንሱን አልጠይቅም አለች…»

«ቆይ! እስቲ የመጨረሻዋን ድገማት።»

«የሺመቤት ወርቅያንሱን አልጠይቅም አለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስከረም።»

«ሁለቱም በየሳምንቱ እየመጡ መስቀሌን ይሳለማሉኮ! ይህን ይዘህ ነው ስለ ሻጋታ የምታወራኝ?» አሉና መቋሚያቸውን አንስተው መንገድ ጀመሩ። አቶ ድንበሩ ከኋላ በሶምሶማ ተከተሏቸው።

«ልጄ፣ ከጎረቤት ተኳርፎ መዋል ረሀብ እንጂ ጾም አይደለም» አሏቸው መምሬ ቤት ደርሰው ወይዘሮ የሺመቤትን። «እሑድስ በየትኛው አፍሽ ነው ‹ይቅር በለን› የምትይው?»

«እሷ ትምጣ!»

«በሯ ስምንት እርምጃ ነው። እኔ በዚህ ጉልበቴ ከደብሩ ድረስ መጥቻለሁ።»

ወይዘሮ የሺመቤት ነጠላቸውን ጣል አድርገው፣ ባዶ ኩባያ ይዘው ወጡ።

«ወርቄ፣ ይቅር በይኝ። በጎመን እህቴን አጣሁ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር። ዶሮዋም ጭራለች፤ ምን ይደበቃል» አሉ ወይዘሮ ወርቅያንሱ። ተቃቅፈው ተላቀሱ።

የሺመቤት ወርቅያንሱን ጠየቁ፤ ወርቅያንሱ ወተቱን ሰጡ፤ ድመቷ ጠጥታ ዓሣውን አስደነገጠች፤ ዓሣው ሲሸሽ ቀንድ አውጣውን ቀሰቀሰ፤ ቀንድ አውጣው ሻጋታውን በላ፤ ሻጋታው እንጨቱን ለቀቀ። ቀንድ አውጣ ነውና ሦስት ቀን ፈጀ።

እሑድ ማኅበርተኛው መጣ። ወይዘሮ ወርቅያንሱ ከገንዳው አጠገብ ተቀምጠው ይስቃሉ። ወይዘሮ የሺመቤት ወደ ባላቸው ጠጋ አሉ።

«ገንዳህ እዚያው ይቀመጥ። ስድስት ወር ሙሉ ከአንተ በቀር የማወራው ሰው አልነበረኝም፤ ልሞት ነበር።»

አቶ ድንበሩ ይህን እንደ ምስጋና ቆጠሩት።

ሻጋታውም አለቀ፣ ተረቱም አለቀ፤ የተኳረፈ ካለ ሄዶ ወተት ይጠይቅ።