የመቃኑ ድንበር

ተረት ላወራ ነው። የሰማ ይስማ፣ ያልሰማ አጠገቡ ያለውን ይጠይቅ፤ እኔ አንዴ ያልኩትን አልደግምም።

ዱሮ ዱሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ አንድ ግድግዳና አንድ የበር መቃን ጎረቤታሞች ነበሩ። ግድግዳው ሰፊ ነው። መቃኑ ደግሞ በሩን አቅፎ የሚይዝ ቀጭን የዋንዛ እንጨት ነው። ግድግዳው በዓል በመጣ ቁጥር ቀለም ይቀባል፤ በተቀባ ቁጥርም ቀለሙን ጣት ታህል ወደ መቃኑ ያሻግራል።

«ጎረቤት፣ ድንበሬን ገፋህብኝ» ይላል መቃኑ።

«አንተ እንጨት፣ ምን ጎደለብህ? ይቺን ታህል ነገር!» ይላል ግድግዳው።

ዘንድሮ ይቺን ታህል፣ ከርሞ ይቺን ታህል፣ ለሚቀጥለውም ይቺን ታህል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ መቃኑ ግማሽ ፊቱን አጣ።

የቤቱ እመቤት ወይዘሮ አልታዬ ይባላሉ። አንድ ቀን መልእክት መጣላቸው፤ እሑድ ለልጃቸው ለእናኑ ሽማግሌ ይላካል። እንግዲህ የአገሩን ልማድ ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ቁጭ በል ቢሉት አይቀመጥም፤ ልጅቷ እስክትፈቀድለት ድረስ በር ላይ ቆሞ ነው የሚናገረው። በር ላይ የቆመ ሰው ዓይኑን የት ያድርገው? መቃኑ ላይ ነዋ!

ወይዘሮ አልታዬ መቃኑን አዩና ደነገጡ።

«ውይ በሞትኩት! ይሄማ ውሻ የላሰው ይመስላል!»

ባለቤታቸው አቶ ጥበቡ ነገር ማንዛዛት አይወዱም። «ይነቀልና የብረት ይግባበት። እንጨቱ ለድግሱ ማገዶ ይሆናል» አሉ። አሉና መጥረቢያውን አምጥተው ጥግ ላይ አስደግፈው አቆሙት።

መቃኑ ክው አለ።

«እሜቴ፣» አለ፣ «እርስዎ ሙሽራ ሆነው ወደዚህ ቤት ሲገቡ በእኔ ሥር ነው ያለፉት። እናኑም ሙሽራ ሆና ስትወጣ ልያት። ከዚያ ወዲያ ማገዶም በሉኝ፣ ሌላም በሉኝ።»

የወይዘሮ አልታዬ ሆድ ባባ። «እሺ፣ እስከ ቅዳሜ ልሞክር። ግድግዳው አዲስ ቀለም ይቀባ፣ አንተም ንጹሕ እንጨት ሆነህ ታይ። ድንበራችሁ ካላማረ ግን እኔም አላድንህ» አሉት። ከዚያ የመቃኑን የድሮ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ፈግፍገው አነሡለት። የዋንዛው መልክ ብቅ አለ።

መጥረቢያው ከጥግ ሆኖ፣ «እኔ አልቸኩልም» አለ።

ግድግዳው በሆዱ ሳቀ።

መጀመሪያ ሮለር ተነሣ፤ ያ እየተንከባለለ ቀለም የሚቀባው። ሮለር ያኔ ገና ከተማ የገባ ሰሞን ነበር፤ ጉራው አይጣል ነው።

«ለእኔ ተዉት! ከላይ እስከ ታች አንዴ ብንከባለል አለቀ!»

«ጠርዙስ?» አለች አንዲት ትንሽ ብሩሽ ከቆርቆሮ ውስጥ።

«ጠርዝ ደግሞ ምንድን ነው? አንቺ እየላስሽ እስክትጨርሺ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!»

ተንከባለለ። እውነት ለመናገር ግድግዳውን ባንዴ አዳረሰው። ጠርዙ ጋ ሲደርስ ግን መቆም አቃተው። ክብ ነገር ምን እግር አለውና ይቆማል? መቃኑን እስከ ጉንጩ ለቀለቀው። ወይዘሮ አልታዬ ሳይደርቅ ልድረስ ብለው በጨርቅ ሲጠርጉ ዋሉ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ እየጠረጉ። ጠርዙም ተዥጎርጉሮ ቀረ።

መጥረቢያው፣ «እኔ አልቸኩልም» አለ።

ቀጥሎ ፕላስተር ተነሣ፤ ያ አንድ ጎኑ የሚያጣብቀው የወረቀት ፕላስተር።

«ድንበር ጠባቂ ነው የሚፈልገው» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «እኔ መቃኑ ላይ ልጋደም። ቀለም በላዬ ያልፋል እንጂ በሥሬ አያልፍም።»

ንግግሩ ያምራል። መቃኑም ደስ አለው። ግድግዳው ግን ተንኮለኛ ነው። እሱና መቃኑ በሚገናኙባት ጠርዝ ላይ አቧራን ጭሰኛ አድርጎ ካሰፈረው ቆይቷል። «አንተ አቧራ፣ ድምፅህን አጥፍተህ ተቀመጥ» አለው በሹክሹክታ። አቧራም ድምፁን አጥፍቶ ተቀመጠ።

ፕላስተር መጥቶ ድንበሩ ላይ ተጋደመ፤ ጠርዙም እንደገና ቀለም ተቀባ። እንጨቱን የያዘ መሰለው፤ የያዘው ግን አቧራውን ነበር። ቀለም ደግሞ ቀዳዳ ካገኘ ማንንም አያስፈቅድም። በአቧራው መሐል ሹልክ ሹልክ እያለ በፕላስተሩ ሥር ገባ። ወይዘሮ አልታዬ ገበያ ደርሰው ሲመለሱ ሁሉም ደርቋል። ፕላስተሩን ሲልጡት የግድግዳውን ቀለም ይዞት መጣ። ድንበሩም የመጋዝ ጥርስ መስሎ ቁጭ አለ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች ብሩሽ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለ ፕላስተር፣ ተጨማዶ በተጣለበት።

መጥረቢያው፣ «እኔ አልቸኩልም» አለ።

አሁን አቶ ጥበቡ ከሰል ይዘው መጡ። ከመቃኑ ክንድ ያህል ራቅ እያሉ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን ጥቁር መስመር አሰመሩ። ግድግዳው ደነገጠ።

«ጌታዬ፣ ምነው እኔ ላይ? የሚነቀለው እሱ አይደለም እንዴ?»

«አንተ ሳትፈርስ እሱ በየት በኩል ይወጣል?» አሉ አቶ ጥበቡ። «ሆድህ ውስጥ ገብቶ በሚስማር ታስሯል። መጀመሪያ አንተን እስከዚህ እናፈርሳለን፤ እሱን ከዚያ እንመዘዋለን።»

ምን ልንገራችሁ! ያን ሰፊ ግድግዳ ላብ አጠመቀው። «ወንድሜ መቃን!» አለ። ወንድሜ! እስከ ትናንት «አንተ እንጨት» ሲል የነበረው!

መቃኑ ጆሮ አልሰጠውም። አይፈረድበትም።

ይሄኔ ትንሿ ብሩሽ ከቆርቆሮዋ ወጣች።

«እሜቴ፣ ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ሥራ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ድንበሩ ላይ የተቀመጠው ማን ነው?»

ሮለር «እኔ ምን አውቄ» አለ። ፕላስተር «ሰው አላየሁም» አለ። ግድግዳው የከሰሉን መስመር አየ፣ መጥረቢያውን አየ፣ እንደገና መስመሩን አየ።

«አቧራ ነው» አለ ድምፁ ቀጥኖ። «ያሰፈርኩትም እኔው ነኝ።»

«ይነሣ!» አለች ብሩሽ።

ወይዘሮ አልታዬ የደረቀውን ቀለም በቢላ ፍቀው አነሡ። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ መጣችና አቧራን ከነቤተ ዘመዱ ጠርጋ አስወጣችው። ጠርዙ እስኪደርቅ ጠበቁ። ሮለርም፣ ሥራ አይናቅም፣ የከሰሉን መስመር ቀለም አለበሰው፤ ጠርዙ ጋ ሲቃረብ ግን ቁም ተባለና ቆመ።

ብሩሽ ቀለሙ ውስጥ ጫፏን ብቻ ነከረች። የነከረችውንም በቆርቆሮው አፍ ላይ ጠረግ ጠረግ አደረገችው።

«ምነው፣ ጠጣ ጠጣ ብትዪ?» አለ ሮለር።

«የጠገበ ድንበር አያከብርም» አለች።

ሥራዋን ከድንበሩ አልጀመረችም። ራቅ ብላ ከግድግዳው መሬት ተነሣች። ፀጉሯን በቀስታ ዘርጋ አድርጋ ወደ ጠርዙ ተጠጋች፣ ተጠጋች፣ ተጠጋች። ጠርዙን ነካች ስትባል ወደ ታች መንገዷን ያዘች። ወይዘሮ አልታዬ ትንፋሻቸውን ዋጡ። መቃኑ ማየት ስላልቻለ ዓይኑን ጨፈነ።

መጥረቢያው ብሩሿን እያየ፣ «እኔ አልቸኩልም» አለ።

«እኔም» አለች ብሩሽ፣ ቀና እንኳ ሳትል።



መጨረሻው ላይ አንዲት ጠብታ አምልጣ መቃኑ ላይ ዐረፈች። ጨርቅ ሳትጠራ መጥታ ጠረገቻት። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሥራው አለቀ። ወዲህ ግድግዳ፣ ወዲያ ዋንዛ፤ በመሐላቸው ቀጥ ያለች ድንበር። አቶ ጥበቡ መጡ፣ ጎንበስ ብለው አዩ፣ በጥፍራቸውም ነካ አደረጉ። አንድ ቃል ሳይናገሩ መጥረቢያውን አንሥተው ወጡ። እሳቸው ሲያመሰግኑ እንዲህ ነው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ።

«ቤት ለእንግዳ! ኧረ ቁጭ በሉ!» አሉ ወይዘሮ አልታዬ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉና በር ላይ ቆሙ። ነገሩም ረዘመ። ነገሩ ሲረዝም የትልቁ ሽማግሌ ዓይን ድንበሯን ይዞ ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ ከታች ደግሞ ወደ ላይ ወጣ።

«እንደው ለነገሩ፣» አሉ፣ «ግድግዳችሁ እንዴት ያምራል!»

መቃኑን ማንም ስሙን አላነሣውም። ግድግዳው ግን፣ «መቃኑ ባይኖር የት ላይ እንደማልቅ አላውቅም ነበር» ብሎ አጉረመረመ። ይህን ያለው ጨዋ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። የከሰሉ መስመር ከአዲሱ ቀለም ሥር እንዳለ ስለሚያውቅ ነው።

እናኑ ተፈቀደች። ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ። የሠርጉ ቀን ደረሰና ሙሽራይቱ እልል እየተባለላት በበሩ ስትወጣ፣ እግሯ እንዳይደናቀፍ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰበሰበች፤ በሌላው እጇ መቃኑን ያዝ አደረገችው። መቃኑም ያሰበውን አየ።

የጎረቤቱን ድንበር የገፋ፣ ጎረቤቱ ሲነቀል አብሮ ይፈርሳል።

ተረቴን ይዛችሁ ወደየቤታችሁ ግቡ። ስትገቡ ግን መቃኑን በቆሸሸ እጅ አትንኩት።