የክብር እንግዳው መዝጊያ ንግግር

አንድ ሰው ነበር። ማን ይሆን እያላችሁ ወደ ጎናችሁ አትዩ፤ እዚህ የለም! የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው። ሰፈሩ ያከብረዋል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ለሽምግልና መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ይህ አስታራቂ ሰው ግን ከገዛ ልጁ ጋር አይነጋገርም።

ምን ሆነው መሰላችሁ? ልጁ ይትባረክ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ተማሪዎች ትምህርት አቁመው ሲወጡ አብሮ ወጣ፤ ዓመቱም በከንቱ አለፈ። ቤት መጥቶ «አባዬ፣ ነገሩ እኮ...» ሲል አባት አላስጨረሰውም። «ዝም በል! ያስተማርኩህ ረብሸኛ እንድትሆን ነው?» አለው። ልጁ ሻንጣውን አንስቶ ሄደ። እናቱ በዓል በመጣ ቁጥር ታለቅሳለች።

ታዲያ አንድ ቀን የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሱቁ መጡ። አስተባባሪያቸው ሲፈን የምትባል ልጅ ናት። «ጋሼ፣ በሐሳብ የማይስማሙ ተማሪዎችን ቁጭ አድርገን ልናነጋግር ነው። ከሌላው ግቢ ለሚመጡት የመኪናውን፣ የሻይ የዳቦውን የሚችልልን አጣን» አለችው። ሰውዬው ደስ አለው። እሰይ፣ እነዚህን ልጆች አደብ የሚያስገዛ ተገኘ ብሎ ሰጠ። ለጋስነቱስ አይካድም።

ቀኑ ደረሰ፤ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጠራ። የክብር እንግዳ ምን እንደሚያደርግ መቼም ታውቃላችሁ። ከፊት ይቀመጣል፣ የታሸገ ውኃ ይቀርብለታል፣ መጨረሻ ላይ ይመክራል፣ ይጨበጨብለታል። የእኛም ሰው ምክሩን ቤቱ አዘጋጅቶ ነው የመጣው። ልብ በሉ፣ ገና ምንም ሳይሰማ!

ሲገባ መድረክ የለም። ስሙ የተጻፈበት ባነር የለም። ወንበሩ ሁሉ ክብ ሠርቷል። የዕለቱ ጥያቄ ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ተማሪ ያለ ጥፋቱ ሲባረር ትምህርት እናቁም ወይስ እንቀጥል?»

አብነት የሚባል ተማሪ ለምን ትምህርት አቁሞ እንደወጣ ተናገረ። ሰውዬው መዝጊያ ንግግሩን አልጠበቀም፤ ብድግ አለ። «በእኔ ገንዘብ ነው ይህን የምታወሩት? በቃ፣ ከእንግዲህ አልሰጥም!»

ሲፈን ደነገጠች፤ እሱ ከተወ ሁሉ ነገር መቅረቱ ነው። ግን ምን አለች? «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ አንድ ደንብ አለን። መልስ የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ ሌላው ያለውን ይደግማል። ተናጋሪው ‹አዎ፣ እንደዚያ ብያለሁ› ካለ በኋላ ይመልሳል። እርስዎም ይሞክሩልን።»

«ይሄ ምን ይከብዳል! ማጥናት ሰልችቶኛል ነው ያለው።»

«አይ ጋሼ፣ አላልኩም» አለ አብነት።

«እሺ፣ ረብሻ ደስ ይለኛል ነው ያልከው።»

«ኧረ በጭራሽ!» ተማሪው ሁሉ ሳቀ።

ሽማግሌው፣ አስታራቂው፣ ላብ አጠመቀው። አስቡት፣ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ ሲሰማ የኖረ ሰው! ከዚያ ያልታሰበ ነገር ተናገረ። «እስቲ ድገምልኝ» አለ።

አብነት ደገመለት። «የወጣሁት ትምህርት ጠልቼ አይደለም። አብሮኝ የሚያድረው ልጅ ያለ ጥፋቱ ተባረረ። እሱ ዕቃውን እየሸከፈ እኔ ደብተሬን ይዤ በአጠገቡ ማለፍ አቃተኝ።»

ሰውዬው ቀስ ብሎ ቃል በቃል ደገመው። አብነትም «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» አለ።

አሁን መመለስ ይችላል። ተራው ነው! እሱ ግን ምክሩን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ተቀመጠ። ከዚያ ወጥቶ ስልኩን አነሳ። ለማን የደወለ ይመስላችኋል?

«ይትባረክ፣ አባትህ ነኝ። ልጄ፣ ያን ቀን ምን ልትለኝ ነበር? የኔን መልስ አስታውሳለሁ፤ ያንተን ቃል ግን አላውቀውም።»

ልጁ ድምፁ እየተቆራረጠ ነገረው። አባት ደገመለት፣ ተሳሳተ፣ ልጁ አረመው፣ እንደገና ደገመ። በመጨረሻ ይትባረክ «አዎ አባዬ፣ እንደዚያ ነው» አለ፤ አለቀሰ።

ተስማሙ ወይ? አልተስማሙም! አባት ዛሬም ትምህርት ማቆም አልነበረብህም ይለዋል። ግን ይህን የሚለው እሑድ እሑድ አብረው ምሳ እየበሉ ነው። የተማሪዎቹም ጉባኤ አልቆመም።

ወገኖቼ፣ ዛሬ በዚህ ቤት የምናዋጣው ተማሪዎችን እንዲህ ለሚያነጋግር ሥራ ነው። ስጡ፣ እጃችሁ አይጠር። ነገር ግን ገንዘባችሁን ብቻ ልካችሁ ጆሯችሁን አታስቀሩ። ልጆቹ ይነጋገሩ ብለን ከፍለን እኛ ከወንድማችን ጋር ተኳርፈን ልንኖር ነው?

ይኸው አሁን፣ እዚህ ተቀምጣችሁ፣ የተኳረፋችሁት ሰው ፊት ድቅን ብሎባችኋል። ያን ቀን ምን ብላችሁ እንደመለሳችሁለት አንድም ቃል አልረሳችሁም። እሱስ ምን ነበር ያላችሁ?