ትኩሳቱ ከወጣ በኋላ

ውድነሽ የምትባል ሴት ከእህቷ ጋር በሽማግሌ ፊት ታረቀች። ከዚያ ወዲህ ግን ወደ እህቷ ቤት መሄድ አቃታት። መምህሯንም «አባ፣ ይቅርታዬ ውሸት ነበረ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም እንዲህ ብለው ነገሯት።

አንድ አናጺ ነበረ፤ የሚሳሳላት አንዲት ልጅ ነበረችው። ልጅቱን ኃይለኛ ጉንፋን ያዛት፤ በትኩሳት ነደደች፣ ምግብም ዘጋት። አባትየው ሥራውን ትቶ አጠገቧ ዋለ። በመጨረሻ ትኩሳቱ ለቀቃት። በላች፣ ሳቀች። እሱም «ተመስገን» ብሎ ተኛ።

ሲነጋ ልጅቱ ከአልጋ አልወርድ አለች። «አባዬ፣ ባቴን አመመኝ» ብላ አለቀሰች። ግንባሯን ቢዳስስ ቀዝቃዛ ነው። መሞላቀቅ መሰለውና «በሽታው ለቆሻል፣ ተነሺ» ብሎ ክንዷን ይዞ አቆማት። ልጅቱ ተረከዟን መሬት ማስነካት አቅቷት በጣቶቿ ጫፍ ጥቂት ተራምዳ ወደቀች። አባቷም «ልጄ ሽባ ሆና ቀረች!» ብሎ ጮኸ።

ጎረቤቶቹ ወጌሻ እንዲያሳያት መከሩት። እሱ ግን አዝሏት ጤና ጣቢያ ሄደ። ሐኪሟ እግሯን ዳሰሰች፤ ደሟንና ሽንቷንም አስመረመረች።

«ሽባ አልሆነችም» አለችው። «ጉንፋኑ ወጥቷል፤ የባቷ ጡንቻ ግን ተቆጥቷል። አንዳንድ ልጅ ላይ እንዲህ ያደርጋል። በራሱ ይበርዳል።»

«እኔስ ምን ላድርግ?»

«አታሳሻት፤ ተራመጂም አትበላት። ውኃ አጠጣት፣ ትረፍ። ሽንቷ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ ከባሰ ግን ሳትውል ሳታድር አምጣት።»

የጎበጠ ሁሉ በእጁ የሚቃና ለሚመስለው ሰው ዝም ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። ቢሆንም ጠበቀ። ወደ ደጅ መውጣት ስትፈልግ አዘላት፣ ሽንቷን አየ፣ ውኃ ሰጣት። ሳምንቱ ሳይሞላ አንድ ማለዳ እንጨት ሲልግ ቀና ቢል፣ ልጅቱ ተረከዟን ረግጣ በሩ ላይ ቆማለች።

«ማን አነሣሽ?» አላት።

«ራሴ» አለችው።

መምህሩ ወደ ውድነሽ ዞር አሉ። «ልጄ፣ ጥሉ ከልብሽ ወጥቷል፤ ባይወጣማ መሄድ አቃተኝ ብለሽ ባላዘንሽ። ጥሉን የተሸከመው ልብሽ ግን ገና እንደ ልጅቱ ባት ነው። ስላመመሽ ይቅርታዬ ውሸት ነው አትበይ፤ በግድም ራስሽን አትጎትቺ። ቂም ሆኖ ሲጠቁር ካየሽው ግን ፈጥነሽ ወደ እኔ ነይ።»

ውድነሽም ጠየቀቻቸው። «እህቴ ቀድማ ብትመጣስ?»

«መነሣት ባትችዪ» አሉ፣ «ተቀምጠሽ ተቀበያት።»