ማማው ላይ የቀረው ሰው

አንድ ማሽላ ጠባቂ ነበረ፤ ይርገዱ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰውን የባልሽን ነገር በእሱ አስረዳሻለሁ። የዚህ ሰው ማሳ ዝንጀሮ ከሚያድርበት ገደል አፋፍ ላይ ስለነበር፣ ወንጭፉን ይዞ የእንጨት ማማ ላይ እየጮኸ ከረመ። አንድ ቀን ሸለብ ቢያደርገው መንጋው ወርዶ ግማሹን ማሳ አወደመበት። ከዚያ ወዲያ ዓይኑ አልተከደነም።

አዝመራው ታጨደ፣ ተወቃ። ሰውዬው ጎተራውን በገዛ እጁ መርጎ ሲያበቃ ግን ተመልሶ ማማው ላይ ወጣ። ባዶ ማሳ ላይ ድንጋይ ይወነጭፋል። መንገደኛው ሁሉ፣ «አይ ይሄ ሰው፣ ገለባ የሚሰርቅ ዝንጀሮ መጣበት እንዴ?» እያለ ሳቀበት።

ሚስቱን ሳቁ አንገበገባት። ምሳውን ይዛ ከስር ትቆምና፣ «ኧረ ውረድ አንተ ሰው! ማሽላው እኮ ገባ!» ትለዋለች።

«አውቃለሁ። ጆሮዬ ነው እምቢ ያለኝ። ጭር ሲል ይብስብኛል» ይላታል።

ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ ሽማግሌ አመጣችበት። ሽማግሌዎቹም አንጋጠው ያንኑ ነገሩት፤ እሱም ያንኑ «አውቃለሁ» መለሰላቸው። ልጆቹ «አባታችንስ?» ማለታቸውን ሲተዉ ልቧ ደነገጠ።

በማግስቱ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ማማው ላይ ወጣች። መንደሩ ጉድ አለ። አጠገቡ ተቀምጣ ወንጭፉን ከእጁ ተቀበለችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልጠብቅ ነዋ። የኔ ተራ ነው፣ አንተ ተኛ።»

«ዝንጀሮ ቢመጣስ?»

«እጮሃለሁ። ጉሮሮዬን እንደማያውቅ ሰው ትጠይቀኛለህ?»

ሳቀ። ከሳቀ ስንት ጊዜው! ራሱን ጭኗ ላይ ጣል አድርጎ በጠራራ ፀሐይ ተኛ። እሷም ያን ባዶ ማሳ ከልቧ ጠበቀችለት። ሲነቃ «መጣ?» አላት። «አልመጣም» አለችው። ማንንም ያላመነ ሰው እሷን አመናት። እንዲህ እየተፈራረቁ ሰነበቱና አንድ ቀን ቀድሟት ወረደ። ዛሬም ዝንጀሮ ሲጮህ ይደነግጣል፤ ግን መጀመሪያ ወደ እሷ ያያል።

ይርገዱ፣ «ጦርነቱ አልቆ ሳለ ባሌ ከነጫማው በር ላይ የሚተኛው ለምንድን ነው?» አልሽኝ። ያንቺም ሰው ማማው ላይ ነዋ! ማለቁንማ ካንቺ በፊት ያውቃል። ጦርነቱን በአንድ ቃል ያወጁት ሰዎች በአንድ ቃል ያለቀ መስሏቸው «ወደ ቤትህ ሂድ» አሉት፤ በጥበቃው የተካው ግን የለም። በይ «አልቋል» ማለቱን ተዪውና ምንጣፍሽን ይዘሽ በሩ ላይ ቁጭ በይ። «የኔ ተራ ነው» በይው። ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ። ሲደክምሽ ጥሪኝ፤ እኔ እንደሆንኩ ደጅ ሳይ ነው የምውለው።