ለፉርጎዋ የመሰከረው ፋኖስ

ተረት መጣች ብዬ ደወልኩ፤ «ትግባ!» በሉኝ። ገባች።

ድሮ ድሮ፣ ብረት አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ዘመን፣ በአንዲት የቆላ ባቡር ጣቢያ አንዲት አሮጌ ፉርጎ ትኖር ነበር። በጭራዋ ላይ ደግሞ አንድ ፋኖስ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። የባቡሩ መጨረሻ እንዲታወቅ ወደ ኋላ ቀይ የሚያበራው እሱ ነው።

ፋኖሱ ወሬ አያበዛም። ሲጠይቁት «እህ» ይላል። ሲያመሰግኑት «እህ» ይላል። ሲሰድቡትም «እህ» ይላል። ስለዚህ ጣቢያው ሁሉ «ይሄ ፋኖስ የማያውቀው ነገር የለም» ይል ነበር። እሱም ሲሉት ሲሉት አመነ። ምን ያድርግ? አታውቅም ያለው የለ።

አንድ ቀን ወሬ መጣ። «የጥንት ባቡሮች ለልጅ ልጅ ማሳያ ሊሆኑ ነው። በሦስተኛው ቀን አጣሪዎች ይመጣሉ። ፉርጎዋ ልክ እንደ ጥንቷ ከሆነች ከጣሪያ ስር ትቆማለች። ካልሆነች ወደ ማቅለጫው ትሄዳለች» ተባለ።

ቀለም ቀቢው ሮብሌ ቆርቆሮውንና ብሩሹን ይዞ መጣ። አባቱም አያቱም እዚያው ጣቢያ ቀለም ቀቢ ነበሩ። ፉርጎዋን ዞራት። ቢፍቃት ዝገት፣ ቢፍቃት ዝገት። ቀቢዎቹ በየጊዜው የፊተኛውን ቀለም እስከ ብረቱ ፍቀው ነው የቀቧት።

«እትዬ ፉርጎ፣ የመጀመሪያ ቀለምሽ ምን ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! መስታወት ፊት ቆሜ አላውቅ።»

እመት ቁራ ከጣሪያው ላይ ጮኸች። «ጥቁር ነበረች! እንደኔ የምታምር ጥቁር!»

አያ አህዮ የውሃ ጀሪካኑን እንደተሸከመ ቀና አለ። «ቡላ ነበረች፤ እንደኔ።»

ቁራዋ በሳቅ ከጣሪያው ልትወድቅ ደረሰች። «የአህያ መልክ ያላትን ባቡር ማን ይሳፈርባታል!»

ሮብሌ ወደ ፋኖሱ ዞረ። «አባ ፋኖስ፣ አንተ ንገረኝ። ስልሳ ዓመት አብረሃት ኖረሃል።»

ፋኖሱ «አላውቅም» ማለት ይችል ነበር። አጭር ቃል ናት፤ ለእሱ ትመቸዋለች። ግን ሁሉም አንገቱን አስግጎ ሲጠብቀው አየና ደስ አለው።

«ቀይ» አለ።

«ሰማችሁ? ዝምተኛው ተናገረ! ቀይ ነው አለ!» ተባባለ ጣቢያው ሁሉ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

በማግስቱ ሮብሌ ቀዩን በጠበጠ። አንዱን ጎኗን ቀባ፤ ሌላውን ጎኗን ቀባ፤ ጭራዋ ላይ ደረሰ።

«አባ ፋኖስ፣ አንዴ ላውርድህና ከጀርባህ ያለውን ልቅባ።»

«አልወርድም።»

«ለምን?»

«ዙሪያዬን ቅባ። አባትህም እንዲሁ አደረገ። አያትህም እንዲሁ አደረገ።»

ሮብሌም ዙሪያውን ቀባ። የፋኖሱ መንጠቆ ዝጓል፤ አንዴ ከወረደ ተመልሶ እንደማይሰቀል እሱ ራሱ ያውቃል። ያልተሰቀለ ፋኖስ ምንድን ነው? ጣሳ።

ሮብሌ ሲሄድ ፉርጎዋ ተናገረች።

«አንተ ሰውዬ።»

«እህ።»

«እውነት ቀይ ነበርኩ?»

«እህ።»

«ተው እንጂ! መልኬን መቼ አየኸው? ስልሳ ዓመት ጀርባህን ሰጥተኸኝ አይደል የኖርከው? ያየኸው ከኋላችን የሚቀረውን መንገድ ነው። ቀይ ካልነበርኩ እኮ ነገ እቀልጣለሁ።»

ፋኖሱ ያየውን ሁሉ ማስታወስ ጀመረ። ሐዲዱ ቀይ ነበር። ግመሉ ቀይ ነበር። የጣቢያው ሹም ነጭ ኮት እንኳ ቀይ ነበር። «ለካ የማውቀው የብርጭቆዬን ቀለም ነው» አለ በልቡ። ቀጥሎ ሌላ ነገር ትዝ አለው። አያትየው ዙሪያውን ፋቀ፤ አባትየው ዙሪያውን ፋቀ፤ ልጅየውም ዙሪያውን። ከእሱ ጀርባ መፋቂያም ብሩሽም ደርሶ አያውቅም።

የሚፈለገውን ቀለም ተደግፎት ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት «ሮብሌ» ብሎ ተጣራ። ሮብሌ ደነገጠ፤ ፋኖሱ ሳይጠየቅ ተናግሮ አያውቅም።

«አውርደኝ።»

«መንጠቆህ ይሰበራል።»

«ይሰበር።»

«ምን ሆንክ አባ ፋኖስ?»

«ዋሽቻለሁ።»

ሮብሌ ሲያወርደው መንጠቆው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ቀዩ ብርጭቆም ተሰነጠቀ። ፋኖሱ ከነበረበት ቦታ መዳፍ የምታህል ቀለም ታየች፤ ፀሐይ ያልነካት፣ ብሩሽ ያልደረሰባት። ቡላ።

እመት ቁራ ወደ አያ አህዮ ዞረች። «አንተ አህያ፣ እንዴት አወቅህ?»

«የት አውቄ!» አለ አያ አህዮ። «በግ ብሆን ኖሮ ነጭ ነበረች እል ነበር።»

ሮብሌ ቀዩን ፍቆ፣ መዳፍ የምታህለዋን ቦታ ብቻ ትቶ፣ ፉርጎዋን ቡላ ቀባት። አጣሪዎቹ ሲመጡ ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር። መነጽር ያደረገችው አጣሪ ጣቷን በዚያች ቦታ ላይ አሳረፈች፤ አዲሱን አየች፤ አሮጌውን አየች። «ራሷ ናት። ትቁም» አለች።

«ይሄ ጣሳስ?» አለች ወደ ፋኖሱ እያየች።

«ምስክሯ ነው» አለ ሮብሌ።

«ምን ብሎ መሰከረ?»

«ቀይ ነበረች ብሎ።»

አጣሪዋ ስቃ ስቃ መነጽሯን አወለቀች። ፋኖሱንም ከፉርጎዋ ፊት ለፊት ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። በስልሳ ዓመቱ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«እንዴት ነኝ?» አለችው።

«በስንጥቄ በኩል ቡላ ነሽ።»

«የቀረውስ?»

«አላውቅም» አለ ፋኖሱ። እውነትም አጭር ቃል ናት፤ ተመቸችው።

እንግዲህ ዝም ያለውን ሁሉ አዋቂ ነው አትበሉ፤ አንዳንዱ ዝም የሚለው የሚናገረው ነገር ስለሌለው ነው። ይህን ያወራላችሁ ሽማግሌም ወሬ አያበዛም ይባላል፤ እናንተው አስቡበት።

ተረቴ ጣቢያ ገባች። ዕቃችሁን ያዙና ውረዱ።