ዳንቴል የለበሰው ስፒከር

እስኪ ጠጋ በሉ። የዛሬው ተረቴ ከሦስተኛ ፎቅ ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ እንዴት እንደሚመለስ ደግሞ አብረን እናያለን።

አዳማ ውስጥ፣ አንድ ኮንዶሚኒየም ላይ፣ ንጋቱ የሚባል ጡረተኛ መምህር ከባለቤቱ ከአሰለፈች ጋር ይኖር ነበር። መምህር ከመሆኑ በፊት የሆቴል ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ባንዱ አንዲት የሠርግ ዘፈን በካሴት አስቀረጸ፤ አገር ጨፈረባት፤ ከዚያ ባንዱ ተበተነ። አሰለፈች ያገባችው ከዚያ በኋላ ስለሆነ መድረክ ላይ አይታው አታውቅም። ካሴቷን በትንሿ ቴፕ ስትከፍት ዘፋኙ ይሰማል፣ ሳክስፎኑ ይሰማል፣ የንጋቱ ቤዝ ግን የለም። ትንሽ ቴፕ ወፍራም ድምፅ አይችልማ። ልጆቹ «አባዬ የባንዱን ዕቃ ነበር እንዴ የሚሸከመው?» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ውስጡን ግን ይከፋዋል። አሰለፈች ያንን ቤዝ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንድትሰማለት ነበር የሚፈልገው።

እናላችሁ፣ ለሲኒማ ቤቶች ድምፅ የሚገጥመው አማቻቸው አንድ ቀን ሁለት ጥቁር ስፒከሮች ይዞ መጣ። ቁመታቸው ደረት ይደርሳል። የዚያን ቀን ፊልም ከፈቱ፤ ፊልሙ ላይ ዝናብ ጣለ፤ አሰለፈች ልብስ አስጥቻለሁ ብላ ወደ በረንዳ ሮጠች። ውጪ ፀሐይ ነው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፣ እሷም ሳቀች። ንጋቱ ብቻ መቀመጥ አቃተው። የፊልም ዝናብ እንዲህ ካዘነበ የኔ ቤዝማ ምን ሊሆን ነው እያለ ሳሎኑን ይዞር ጀመር። አማቹም ካሴቷን ወደ ፍላሽ ላስገለብጥልህ ብሎ ወሰዳት።

ፍላሹ እስኪመጣ አሰለፈች ዝም ብላ አልተቀመጠችም። እሷ ቤት ራቁቱን የሚቆም ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ ዳንቴል አለው፣ ስልኩ እንኳ ቢቻል ዳንቴል ይኖረው ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ውድነሽ ስፒከሮቹን በስንዝር ለክተው፣ ከአናት እስከ እግር የሚያለብስ ነጭ ዳንቴል ሠርተው ሰጧት። አሰለፈችም አልብሳ ስታበቃ በየአናታቸው የመስተዋት አበባ ማስቀመጫ ጫነችባቸው።

ፍላሹ መጣ። ንጋቱ ሰካው። ዘፋኙ ሳሎን ገባ፣ ሳክስፎኑ ገባ፣ ቤዙ ገና ገባሁ ሲል ማስቀመጫዎቹ ተንቀጫቀጩ። አሰለፈች ሮጣ ድምፁን ቀነሰችው፤ ቤዙም በመጣበት እግሩ ተመለሰ።

«ስፒከር ሆይ፣ ቤዜን አውጣልኝ» አለ ንጋቱ።

«በጨርቅ ታፍኜ፣ በአናቴ መስተዋት ተሸክሜ? ዳንቴሉ ካልወረደ አላወጣም» አለ ስፒከር።

«ዳንቴል ሆይ፣ ውረድልኝ።»

«ያለበሰችኝ አሰለፈች ካላነሳችኝ አልወርድም» አለ ዳንቴል።

ለምን ራሱ አያነሳውም የምትሉ ካላችሁ፣ እናንተ ገና ትዳር አልያዛችሁም።

ንጋቱ አሰለፈችን ለመናት። ዳንቴል አልወርድም አለ፣ ስፒከር ቤዙን አላወጣም አለ፣ እባክሽ አንሺልኝ አላት። እሷ ግን አሰበችው። ሴትዮዋ ዓይናቸውን አፍዝዘው የሠሩትን ዳንቴል ገፍፋ ብትጥል፣ ነገ በደረጃ ሲገናኙ በምን ዓይኗ ታያቸዋለች? እትዬ ውድነሽ በአፋቸው ካልፈቀዱ አላነሳም አለች።

ንጋቱ አንድ ፎቅ ወረደ። እትዬ ውድነሽ ሆይ፣ አሰለፈች አላነሳም አለች፣ ዳንቴል አልወርድም አለ፣ ስፒከር ቤዙን አላወጣም አለ፣ እባክዎ ይፍቀዱልኝ አላቸው። እትዬ ውድነሽ ለዳንቴሉ አልተቀየሙም። የቸገራቸው ሌላ ነገር ነው። «ከእኔ በታች አቶ በላቸው ወንድማቸውን ቀብረው ከል ለብሰው ተቀምጠዋል። እኔ ስፈቅድ ዘፈኑ ሊለቀቅ አይደል? በሐዘንተኛ አናት ላይ አስጨፈረች ልባል ነው?» አሉት። አቶ በላቸው እሺ ካላሉ አልፈቅድም ብለው በሩን በቀስታ ገርበብ አደረጉት።

ንጋቱ አንድ ፎቅ ወረደ። አቶ በላቸው ሆይ፣ እትዬ ውድነሽ አልፈቅድም አሉ፣ አሰለፈች አላነሳም አለች፣ ዳንቴል አልወርድም አለ፣ ስፒከር ቤዙን አላወጣም አለ፣ እባክዎ እሺ ይበሉልኝ አላቸው። ሲናገር አፈረ። ሐዘንተኛን ዘፈን መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም። አቶ በላቸው ግን ጥቁር ሸሚዛቸውን እየጎተቱ ተነፈሱ።

«የወንድሜ ተዝካር ከወጣ ቆየ፣ ጋሽ ንጋቱ። እኔም ሬዲዮኔ ናፍቆኛል። ግን ከልን ሰው በገዛ እጁ ያወልቃል? ቸኮለ ይሉኛል። ይበቃሃል ብሎ የሚያስወልቀኝ ሰው አጣሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመዶቻቸው ሩቅ ናቸው፤ ጎረቤቱ የዕድሩ ዳኛ ያስወልቋቸዋል ብሎ ይጠብቃል፤ ዳኛው ዘመድ ያስወልቃል ብለው ይጠብቃሉ። እንዲህ እየተጠባበቁ ሰውየው በጥቁር ልብስ ቀሩ። ዳኛው ሻምበል ደጀኔ መጥተው ካላስወለቁኝ እሺ አልልም አሉ አቶ በላቸው።

ንጋቱ ምድር ቤት ወረደ። አሁን ትንፋሽ ያዙልኝ። ሻምበል ሆይ፣ አቶ በላቸው እሺ አልልም አሉ፣ እትዬ ውድነሽ አልፈቅድም አሉ፣ አሰለፈች አላነሳም አለች፣ ዳንቴል አልወርድም አለ፣ ስፒከር ቤዙን አላወጣም አለ፣ እባክዎ ይውጡልኝ አለ። ሻምበል ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀኝ ጉልበታቸውን አሻሹ።

«እኔ እሺ ባልኩህ። ግን በዚህ ቤት አዛዡ እሱ ነው። ጉልበቴ ካልወጣ እኔ አልወጣም» አሉት።

ንጋቱ ምን ያድርግ? የሚወርድበት ፎቅ አልቋል። በርከክ አለና ጉልበቱን ለመነ። ጉልበት ሆይ፣ ሻምበል አልወጣም አሉ፣ አቶ በላቸው እሺ አልልም አሉ፣ እትዬ ውድነሽ አልፈቅድም አሉ፣ አሰለፈች አላነሳም አለች፣ ዳንቴል አልወርድም አለ፣ ስፒከር ቤዙን አላወጣም አለ፣ እኔም እንዳልተሰማሁ ልሞት ነው፣ እባክህ ውጣልኝ አለው።

ጉልበት አኮረፈ። «ለልቅሶ ውጣ አሉኝ፣ ወጣሁ። ለስብሰባ ውጣ አሉኝ፣ ወጣሁ። ለደስታ ውጣ ያለኝ ሰው የለም። አሁንስ አልወጣም።»

ንጋቱ አንገቱን ደፋ። ከዚህ በኋላ የሚለምነው ሰውም ዕቃም አልቀረውም። ሆድ ሲብሰው እንደልማዱ ጣቶቹን ጭኑ ላይ መታ መታ አደረገና ያቺን ቤዝ በአፉ አንጎራጎራት። ዱም፣ ዱ-ዱም። ዱም፣ ዱ-ዱም።

ጉልበት ነቃ አለ። ዱም፣ ዱ-ዱም። ጉልበት ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ሻምበል የገዛ ጉልበታቸውን በመገረም ተመለከቱት።

«ይቺንማ አውቃታለሁ፤ በሠርጌ ቀን ጨፍሬባታለሁ» አሉ። «ከሥር ከሥር እየገፋ ያስጨፈረን አንተ ነበርክ እንዴ፣ ንጋቱ?»

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመው! ጉልበት ሻምበልን ይዞ ወጣ። ሻምበል አቶ በላቸውን «ወንድሜ፣ ይበቃሃል» ብለው ጥቁሩን ሸሚዝ አስወለቁ፤ የራሳቸውን ቡኒ ኮት አለበሷቸው። አቶ በላቸው ትንሽ አለቀሱና እሺ አሉ፤ ብቻዬን አልቀርም ብለውም ተከትለው ወጡ። እትዬ ውድነሽ ሐዘንተኛው በቡኒ ኮት ደረጃ ሲወጡ አይተው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው፤ ፈቀዱ፣ እሳቸውም ወጡ። አሰለፈች ማስቀመጫዎቹን አወረደች፣ ዳንቴሉን አነሳች። ዳንቴል ወረደ። ስፒከር ትንፋሹን ሳበ።

ቤዙም ወጣ። መጀመሪያ በእግራቸው ሥር ነው የመጣው፣ ከዚያ ሆዳቸው ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ሳሎኑን ሞላው። ሻምበል በጥሩው እግራቸውም በመጥፎውም እግራቸው ጨፈሩ። አቶ በላቸው ኮቱ ሊወልቅ እስኪደርስ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ንጋቱ ግን የሚያየው አሰለፈችን ብቻ ነበር። እሷ አልጨፈረችም። ስፒከሩ አጠገብ ቆማ፣ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ፣ ዘፋኙንም ሳክስፎኑንም ትታ ከሥር ያለውን ድምፅ እግር በእግር ትከተል ነበር።

ሳክስፎኑ ብቻውን ተጫውቶ ቤዙ ሲመለስ አሰለፈች ድንገት እጇን አነሳች።

«ንጋቱ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሃል» አለችው። «ዘግይተህ ገባህ።»

እውነቷን ነው። የዚያን ቀን ስቱዲዮ ውስጥ አንዲት ምት ዘግይቶ ነበር። አገር ሙሉ ሲጨፍርባት ኖሮ ያቺን ስሕተት ያወቀበት አንድም ሰው አልነበረም፣ ቤዙን ለይቶ የሰማ ስላልነበረ። ንጋቱ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሕይወቱ ተሳስተሃል ሲባል እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

«ልክ ነሽ፣ አሱዬ፣ ዘግይቻለሁ» አላት።

«በል ከዚያው ጀምረህ መልሰው፤ ደግሜ ልስማህ» አለችው። መለሰው።

የኔም ተረት ወርዶ ወጥቶ እዚህ አበቃ። የወደዳችሁ አስጨፍሩት፣ የዘገየሁባት ቦታ ካለች ደግሞ ንገሩኝ።