ትርንጎን ያላስተኛቻት ሐኪም

አንዲት ሴት ነበረች፤ ዕድሜዋ ሃምሳን ያለፈ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች የምትኖር። ከዓመታት በፊት ሚኒባስ ተገልብጦ ባሏን ሲገድልባት የእሷን መንጋጋ ሰበረው። አጥንቱ ገጠመ፤ አፏ ግን ከአንድ ጣት በላይ አልከፈት አለ። ንግግሯ ተድበሰበሰ። ሰው መጀመሪያ «ምን አልሽ?» ይላት ነበር፤ እየቆየ መጠየቁን ተወ። እሷም መናገሩን ተወች። ስሟ ትርንጎ ይባላል።

በኋላ አፍንጫዋ ውስጥ ሥጋ በቀለና ትንፋሽ ከለከላት። በቀዶ ጥገና ይውጣ ተባለ። ሆስፒታል ስትገባ «አስታማሚዎ የታሉ?» አሏት። የለኝም ስትል ራሷን ነቀነቀች።

ሰመመን የምትሰጠው ዶክተር ሐመልማል አፏን መረመረችና አጠገቧ ቁጭ አለች።

«እማማ፣ የሚያስተነፍስዎትን ቱቦ በአፍንጫ እንዳላስገባ፣ ቀዶ ጥገናው የሚሠራው እዚያው ነው። አፍዎ ደግሞ አይከፈትም። አስተኝቼዎት ቱቦው አልገባ ቢል ትንፋሽዎ ይቋረጣል። ጉሮሮዎን አደንዝዤ፣ ሳይተኙ ነው የማስገባው።»

ትርንጎ ከስንት ጊዜ በኋላ ተናገረች። «ልጄ፣ ሁሉንም ብቻዬን ነው የቻልኩት። ይቺን እንኳ ተኝቼ ልለፋት። አስተኚኝ።»

«አልችልም፣ እማማ። ግን ትቼዎት አልሄድም። ነርሷ እጅዎን ትይዛለች። ሲከብድዎት እጇን ጨበጥ ያድርጉ፤ እኔ ማስገባቱን ገታ አድርጌ እቆማለሁ።»

እስቲ እዩዋት፣ ወገኖቼ። መብራቱ ዓይኗ ላይ ነው። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በጥርሶቿ መሐል እየገባ ነው። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። ትን አላት። ጨበጠች። ሐኪሟ ቆመች፤ እስክትረጋጋ ጠበቀቻት። እንደገና ጀመሩ። እንደገና ጨበጠች። ሐኪሟም እንደገና ቆመች። ትርንጎን እንዲህ ቆሞ የጠበቃት ሰው ከነበረ ስንት ዓመቱ!

ቱቦው ገባ።

«ገብቷል፣ እማማ። አሁን ይተኙ።»

ተኛች።

ቀዶ ጥገናው ሰመረ። ስትነቃ አፍንጫዋ በጎዝ ፋሻ ታሽጓል። ግራና ቀኟ ያሉት ሕሙማን በዘመድ ተከበዋል፤ እሷ አልጋ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ብቸኝነቷ አልለቀቃትም። ለቀቃት ብዬ አልዋሻችሁም።

ስንቶቻችን ነን «ጌታ ሆይ፣ ይኼ ነገር ሳይሰማኝ ይለፍ» ብለን የጸለይን? ሳይሆን ሲቀርስ፣ ስንቶቻችን ነን «ጨከነብኝ» ያልን? ሐኪሟ እንደ ልመናዋ አስተኝታት ቢሆን ኖሮ ላትነቃ ትችል ነበር። እናንተ ነቅታችሁ የምትጨነቁ፣ ጌታ አልተዋችሁም። እጁን ጨብጡ። ይሰማዋል።

እናንተስ፣ ዛሬ ደህና የሆናችሁ? ያ ወንበር ባዶ የቀረው እግዚአብሔር ስለረሳት ነው? የልጆቻችሁን ዩኒፎርም ያሰፋችሁት እሷ ዘንድ አይደለም? እንዲህ ያለች ሴት በየሰፈራችሁ አለች። ቤቷን ታውቁታላችሁ።

ሂዱና አጠገቧ ተቀመጡ።